አንቱ የተባለ

ሐምሌ ገባ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ገንዘብ ያለው ቤተሰቡን ይዞ ብርድ ወዳለበት አገር ሄደ፤ የሌለው ቀረ። ጥላ ውስጥ የቆመ ሰው እንኳ ላቡ ከብብቱ ተነሥቶ ካልሲው ድረስ ይወርዳል። የመስኮት መስታወት በውጭ በኩል ያልበዋል። የቧንቧ ውሃ ቀን ቀን እጅ አያስነካም። ሊፍት ውስጥ የገባ ትንፋሹን ይዞ መውረጃውን ይጠብቃል። ሰው ሰውን መጠጋት ጠላ። ከሻርጃ ዱባይ የሚወስደው መንገድ ጭር አለ።

ይርጋም መጻፍ አቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይርጋ መጻፍ የሚሆንለት መንገድ ሲዘጋጋ ብቻ ነው። የሚያድረው ሻርጃ፣ አል ተዓውን፣ ቤድ ስፔስ ውስጥ ነው፤ አንድ አልጋና አንድ መጋረጃ ማለት ነው። በመጋረጃው ማዶ አንዱ ጥፍሩን ይቆርጣል፣ አንዱ ከስልኩ ጋር ይጣላል፣ አንዱ የተጠበሰ ዓሣ በላስቲክ ይዞ ገብቶ አልጋው ላይ ይበላል። እዚያ አይጻፍም። የሚሠራው ዱባይ፣ ዴራ፣ ካርጎ ቤት ነው። ነጋዴዎች ከጅምላ ሱቅ የገዙትን ጫማና መጋረጃ ወደ አገር ቤት ሲጭኑ እሱ በካርቶን ያሽጋል፣ በፕላስተር ይጠቀልላል፣ ስም ይጽፋል። እዚያም ከስም በቀር አይጻፍም።

በሁለቱ መሃል ግን ካርሊፍት አለ። ካርሊፍት የሚሉት በወር ሂሳብ ሠራተኛ የሚያመላልሰውን ሚኒባስ ነው። ይርጋ የኋላ ወንበር ጥግ ይይዛል። ስልኩን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። መኪናው ሁለት ክንድ ሄዶ ይቆማል፤ ይርጋ አንድ ቃል ይነካል። መኪናው እንደገና ይንፏቀቃል፤ ሌላ ቃል። ከፊት የመኪኖቹ ቀይ መብራት ረድፍ በረድፍ ሲበራ ሌላው ተሳፋሪ ይራገማል፤ የእሱ ልብ ይሞላል። ሾፌሩ ፍሬዘር አቋራጭ አገኘሁ ብሎ መሪውን ሊያዞር ሲል «ተው፣ በዋናው ሂድ» የሚለው ሰው በመላው ሻርጃ ይርጋ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በብርዱ ወራት ነገሩ ሁሉ ደግ ነበር። በጥር አንድ ጠዋት አንድ መኪና ሌላውን ገጭቶ መንገዱ ተቆለፈ። ዴራ ሽቶ ሱቅ የምትሸጠው ቲጂ ከፊት ወንበር ዞራ ተመለከተችው።

«ጋሼ ይርጋ፣ ምን እንደሚጽፉ ዛሬ ካላሳዩኝ አልወርድም።»

«መቼስ ማንም አይወርድም። ተዘግቷል።»

«ዋላሂ አልቀልድም! ይስጡኝ።»

ከእጁ ነጠቀችው ማለት ይቀላል። ጮክ ብላ አነበበች። ታሪኩ የአንዲት ትንሽ ከተማ ወፍጮ ቤት ነው። የባለ ወፍጮው ልጅ ከመጁ ሥር የተረፈውን ዱቄት ጠራርጋ ለጎረቤት ችግረኛ በቀሚሷ ጫፍ ቋጥራ ታወጣለች፣ ትያዛለች፣ በወፍጮው ማዞሪያ ቺንጋ ትገረፋለች። ቲጂ ስታነብ ፍሬዘር ሬዲዮኑን ዘጋ። የሆቴል ክፍል የምታጸዳው ራህማ በሻርፗ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። ሲያልቅ አጨበጨቡ።

«ኸላስ!» አለች ቲጂ። «ከዛሬ ጀምሮ አንቱ የተባሉ ደራሲ ነዎት። ሲታተም ፎቶ አብረን እንነሣለን።»

ያን ቀን ይርጋ የሦስት ሰው ካርቶን ሲያሽግ ዋለ። ወገቡን አላመመውም። ማታ አብሮት የሚያድረው ሰው አልጋ ላይ ዓሣ ሲበላ አይቶ ፈገግ አለ።

ያ ጥር ነው። አሁን ሐምሌ ነው። ሚኒባሱ ገና በሩ ሳይዘጋ ዴራ የደረሰ ይመስላል። ስልኩ ጉልበቱ ላይ ይሆናል፣ ጣቱ ይዘረጋል፣ ፍሬዘር «ያላ፣ ደረስን» ይላል። ከሳምንት በኋላ ይርጋ መሞከሩን ተወ። መጻፍ ሲተው ደግሞ ማንበብ ጀመረ፤ የገዛ ራሱን።

ይህን ባያደርግ ይሻል ነበር።

«ጨረቃዋ ከተራራው ጀርባ በኀፍረት ተሸሸገች» የሚል አገኘ። ጨረቃ ምን ሠርታ ታፍራለች? ወረድ ሲል «እንባዋ እንደ ዶቃ ተንከባለለ» ይላል። አፉ ውስጥ ትናንት የዋጠው ነገር ተመልሶ የመጣ መሰለው። ሁለት ገጽ ዘለለ። ጨረቃዋ እንደገና መጣች። ከአልጋው ተነሥቶ ቆመ፤ የሚሄድበት ስላልነበረው ተቀመጠ። የኤሲው ውሃ ከጣሪያው ጠብ ጠብ እያለ ማዶ ያለውን ሰው ፍራሽ ያርሳል፤ ሰውየው በእርጥቡ ላይ ተገላብጦ ይተኛል። ይርጋ ሁለቱንም አየ፣ ፍራሹንና ጽሑፉን። የቱ እንደሚሸት መለየት አቃተው።

ሥጋ ሲበላሽ ቀለሙን ይቀይራል። ይህ ግን እንዲያ አይደለም። ያው በጥር የጻፈው ቃል ነው፣ አንድ ፊደል አልተነካም። በጥር ያስለቀሰው በሐምሌ ያስታውካል።

ከዚህ በፊትም ደርሶበታል። ሁለት ልቦለድ ጽፎ ሁለቱንም በሐምሌ አጥፍቷል። ስልኩ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እርግጠኛ ነኝ ይላል፤ ያልቃል። አንደኛውን ስላጠፋ እስከ ዛሬ ደስ ይለዋል። የሁለተኛውን ግን መንገዱ በተዘጋጋበት በአንድ የኅዳር ጠዋት አንዱን ገጽ በቃሉ አስታወሰውና እጁን ነከሰ። ጥሩ ነበር። ስለዚህ የሐምሌ አፍንጫው አንዳንዴ እውነት ይናገራል፣ አንዳንዴ ይዋሻል። የጥር ልቡም እንዲሁ። የትኛውን ይመን? ይህ ሦስተኛው ደግሞ ሦስት የብርድ ወራት የፈጀ ነው። እሱም ጢሙ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። ይህን ካጠፋ አራተኛ አይኖርም። ያን ያውቃል።

የሚያስፈልገው የሌላ ሰው አፍንጫ ነበር። የዚህ ዕዳ ያለበት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሰውየው በላይ ነው። አንድ ከተማ አድገዋል፣ አንድ ሰሞን ወደ ኤሚሬትስ መጥተዋል፣ በላይ አሁን አጅማን ያገለገለ ዕቃ ይሸጣል። በድሮ ጊዜ በላይም ይጽፍ ነበር። አንድ ወፍራም ልቦለድ ጨርሶ ለይርጋ ሰጠው፤ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ድሃ ልጅ የሀብታም ልጅ ያፈቅራል። ይርጋ ከዳር እስከ ዳር አነበበለትና መለሰለት።

«ይህን የጻፍከው አንተ አይደለህም» አለው። «ያነበብካቸው መጻሕፍት ናቸው።»

በላይ መጽሐፉን ተቀብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሻርጃን አልረገጠም። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተገናኙ። በላይ ራሱ ቀድሞ መጣ።

«እውነትህን ነው» አለ። «ማንም ያንን ያህል አክብሮ አንብቦልኝ አያውቅም። ዕዳ አለብኝ። የአንተ ሲደርስ እንዲሁ አነብልሃለሁ። ሳልምር።»

ተጨባበጡ። ያ ዕዳ ይኸው እስከዛሬ እንደተንጠለጠለ ነው። ይርጋ ምዕራፍ በላከ ቁጥር ከአጅማን መልስ ይመጣል። «ግሩም ነው!» «ቀጥል!» ከሥሩ የእሳት ምልክት። ይርጋ ሰውን መጠርጠር ያውቃልና አንድ ጊዜ ሞከረው። ሰባተኛውን ምዕራፍ ላከለት። «ግሩም ነው» አለ በላይ። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ምዕራፍ መልሶ ላከ። «ከበፊተኛው ይበልጣል» አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ላከ።

«አሁን ገና ገባህ!» አለ በላይ። ሦስት እሳት።

ይርጋ ያን መልእክት ሲያይ ቅፍፍ አለው። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ አንድ እሑድ፣ የዕረፍት ቀኑ ላይ፣ በአውቶቡስ አጅማን ሄደ። የበላይ ሱቅ የኢንዱስትሪው ሰፈር ውስጥ ነው፣ ፊት ለፊቱ የጎማ ቤት፣ ጀርባው አሸዋ። በር ላይ አልጋና ፍራሽ ተደርድሯል። በላይ ከውስጥ አንድ ትልቅ ፍሪጅ ፊት ተንበርክኳል። አፍንጫውን በፎጣ አስሯል። ሰዎች መብራት ሲቆረጥባቸው ከነሥጋው ዘግተውት ከአገር የወጡት ፍሪጅ ነው። እንደዚህ ያለውን በላይ በርካሽ ይገዛና አጥቦ ይሸጠዋል።

ሽታው ይርጋን በሩ ላይ አቆመው። ቀላል ሽታ አይደለም፤ ምላስ ላይ የሚቀመጥ ነው።

«ኧረ ይርጋ! በዚህ ሙቀት?» አለ በላይ በፎጣው ውስጥ።

«ምን ሞቶ ነው?»

«ዶሮ ነበር መሰለኝ። አሁን ምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም።» በማንኪያ አንድ ጥቁር ነገር ፍቆ ባልዲ ውስጥ ጣለ። «ግባ እንጂ። ትለምደዋለህ።»

«አልለምደውም። ሰባተኛውን ምዕራፍ አነበብከው?»

«አነበብኩት እንጂ! ግሩም ነው ብዬህ የለም?»

«ምን ይላል?»

በላይ ማንኪያውን ባልዲው ጠርዝ ላይ አንኳኳ። «ያው ነዋ። ልጅቷ። የምታሳዝነው ልጅ።»

«ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ልጅቷ የለችም። ሦስት ጊዜ ነው የላክሁልህ። አንዱኑ ምዕራፍ።»

በላይ የፍሪጁን በር ዘጋው። ፎጣውን ከአፍንጫው አወረደ። ፊቱ ላይ የፎጣው ቋጠሮ ምልክት ቀርቷል።

«አንድም መስመር አላነበብኩልህ» አለ።

«አውቃለሁ። ለምን እንደሆነ ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ለምን እንደሆነማ ታውቃለህ።»

«አላውቅም።»

«ያን ነገር ከነገርከኝ በኋላ እኔ ብዕር ይዤ አላውቅም። ለእናቴ ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ፣ 'ይሄን የጻፍከው አንተ አይደለህም' የሚለው ድምፅህ ይመጣል። እናቴ እስክትሞት ድረስ በስልክ ነው የጠየቅኳት።»

«ውሸት ነበር የነገርኩህ?»

«እውነት ነበር! እሱ አይደል ሙሽኪላው!» በላይ ባልዲውን በእግሩ ገፋ። «ውሸት ቢሆን እስከ ዛሬ እየጻፍኩ ነበር። ያንን ባንተ ላይ አላደርግም አልኩ። ሽማግሌ ሆነሃል። ያለህ ይህቺው ናት። ግሩም ነው ብልህ ምን ይጎድልብኛል?»

«ሆዴን ነው የገለበጥከው።»

«እኔ ነኝ የገለበጥኩት ወይስ ዶሮው?»

ይርጋ አልሳቀም። «ምህረት አልጠየቅኩህም» አለ። «የጠየቅኩህ ዕዳዬን ነው። ቃል ገብተህልኛል፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ።»

«ባነበውና ባይረባስ?»

«አጠፋዋለሁ።»

«ይኸውልህ! እኔም የምፈራው…»

«ካላነበብከውም አጠፋዋለሁ። እስከሚመጣው እሑድ ነው። ሙሉው ስልክህ ላይ አለ።»

«አንተ ሰውዬ ድሮም እንዲህ ነበርክ» አለ በላይ። ፎጣውን መልሶ አሰረ። «ሂድ። አትቁምብኝ። ሹግል አለብኝ፣ ሥራ።»

ይርጋ ሄደ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ተነሥቶ ቦታ ቀየረ። ሽታው ልብሱ ላይ ተከትሎት መጥቷል።

ያ ሳምንት ረጅም ነበር። ሰኞ ካርጎ ቤት አንዲት ነጋዴ የሕፃን ጫማ በጆንያ አምጥታ ዘረገፈችው፤ አስጠላችው። ማክሰኞ የመጋረጃው ማዶ ሰው እርጥቡን ፍራሽ አውጥቶ በረንዳ ላይ አሰጣው፤ በላብ የተሣለ የሰው ቅርፅ ታየበት፤ ይርጋ ፊቱን አዞረ። ምግብ አስጠላው። የራሱ እጅ አስጠላው፤ እነዚያ ጣቶች ናቸው ጨረቃዋን ያሳፈሯት።

ረቡዕ ሚኒባሱ ውስጥ ቲጂ ዞራ አየችው።

«ጋሼ፣ ዛሬም አይጽፉም?»

«መንገዱ ባዶ ነው።»

«ታዲያ ደስ አይልም? ቶሎ ደረስን።»

«አይልም።»

«እኔ አንድ ነገር አስቤልዎታለሁ» አለች። «ያንን የግርፋቱን ቦታ ቆርጠን ቲክቶክ ላይ እናነበዋለን። እኔ ነኝ የማነበው። ከጀርባው ዋሽንት እናስገባለን። ሰው ሁሉ ነው የሚያለቅሰው።»

«ዋሽንት?»

«ዋሽንት ወይ ክራር። የፈለጉትን።»

ይርጋ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተ። ልጅቷ ደግ ናት፣ ክፉ ሊናገራት አልፈለገም። ነገር ግን የወፍጮ ቺንጋ በልጅ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ከኋላ ዋሽንት ሲነፋ ሰማው። ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑንም ተረዳ። ዋሽንቱ ከመጀመሪያውም ጽሑፉ ውስጥ አለ። እሷ ሰማችው እንጂ አላመጣችውም።

ሐሙስ በሥራ መሃል ስልኩ ጮኸ። በላይ ነው።

«ግማሹ ላይ ደርሻለሁ» አለ። ድምፁ የተኛ ሰው ድምፅ አልነበረም፣ የተናደደ ነበር።

«እሺ።»

«ጠልቼሃለሁ።»

ዘጋው። ይርጋ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከሰኞ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበው። ወጥቶ ሩዝ በዶሮ በላ።

እሑድ በጠዋት አጅማን ደረሰ። ያ ፍሪጅ ነጭ ሆኖ ታጥቦ በር ላይ ቆሟል፣ ዋጋ ተለጥፎበታል። በላይ ከውስጥ ገና ላስቲኩ ያልተላጠ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል። መነጽር አድርጓል፤ ይርጋ በመነጽር አይቶት አያውቅም። ይርጋም አጠገቡ ሲቀመጥ ላስቲኩ ጮኸ።

«ልጀምር?» አለ በላይ።

«ጀምር።»

«ጨረቃዋን አስወጣት።»

«አውቃለሁ።»

«እንደ ዶቃ የሚንከባለለውን።»

«አውቃለሁ።»

«ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ገበያው ረዝሟል። ማንም እንዲህ ረጅም ገበያ ሄዶ አያውቅም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ሁሉንም ካወቅከው ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው?»

«የማላውቀውን።»

በላይ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ገፋ አደረገ። ስልኩን ወደ ፊቱ አቀረበ። እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ ቀስ ብሎ አነበበ።

«'አቶ ዳምጤ ቺንጋውን ከግድግዳው አወረዱ። ልጅቷን በሩ ላይ አቆሟት። ገረፏት።'» ቀና አለ። «ማን ናቸው?»

«እነማን?»

«እኚህ ሰውዬ።»

«የልጅቷ አባት ነው። ባለ ወፍጮው።»

«አሁን በአፍህ 'ነው' አልክ። እዚህ ግን 'አወረዱ' ይላል።»

«ትልቅ ሰው ነው። ትልቅ ሰው አንቱ ይባላል።»

«ይባላል። ቄሱስ?» በላይ ስልኩን በጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች አመላለሰ። «ሁለተኛ ምዕራፍ። 'ቄሱ መጣ። ተቀመጠ። ጠላውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ።' ጢሙ እምብርቱ የደረሰ ቄስ ነው፣ 'መጣ' ብለኸዋል። ዳኛውን 'ሄደ' ብለኸዋል። አያቷን፣ ዘጠና ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም፣ 'አለች' ብለሃቸዋል። መላው መጽሐፍ ውስጥ አንቱ የተባለ አንድ ሰው ነው። እሱም ገራፊው።»

ይርጋ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ተቀበለ። ወደ ኋላ ሄደ። ቄሱ መጣ። ዳኛው ሄደ። አያቷ አለች። ወደ ፊት ሄደ። አቶ ዳምጤ ገቡ። አቶ ዳምጤ ተቆጡ። አቶ ዳምጤ ቺንጋውን አወረዱ። ስልክ ላይ «ፋ» ቀላል ናት፤ «ፏ» ግን አንድ ተጨማሪ መንካት ትፈልጋለች። ይርጋ በየግርፋቱ ቦታ ያንን ተጨማሪ ሲነካ ሦስት የብርድ ወራት አልፏል፣ አንድም ቀን ጣቱን አልጠየቀውም።

«አላየሁትም» አለ።

«አታየውም። አባትህ ካረፉ ስንት ጊዜ ሆናቸው?»

ይርጋ ቀና አለ። «አንተ ራስህ 'ካረፉ' አልክ።»

«እኔ ልቦለድ እየጻፍኩ አይደለም!» አለ በላይ። «በዚያ ላይ እኔንም አንዴ አግኝተውኛል በዚያ በወፍጮ ቤታችሁ ቺንጋ። የመንደሩ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ልጅቷንም አውቃታለሁ። ሱሪህን በቀሚስ ለወጥከው እንጂ ጀርባው ያንተው ነው።»

ጎማ ቤቱ ውስጥ አየር የሚሞላው ማሽን ተነሣና ቆመ።

«ልጨርስ?» አለ በላይ። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ጨርስ። አትማረኝ ብያለሁ።»

«ሰውየው በገባ ቁጥር አንተ ትጠፋለህ። ወሬህ ሁሉ ብድግ ይላል፣ ወንበር ይለቅለታል። እኔ ልጅቷ አጠገብ መቆም ስፈልግ አንተ በሩ ላይ ጎንበስ ብለህ ታሳልፈዋለህ። ከዚያ ታፍራለህ። ስታፍር ጨረቃ ትጠራለህ። እየው፤ ጨረቃዋ የምትወጣው ሁልጊዜ ከግርፋት ቀጥሎ ነው። ያፈረችው እሷ አይደለችም።» መነጽሩን አወለቀ። «ሰው የሚያለቅሰው ጨረቃዋን አይቶ ነው። ግርፋቱን ያየ የለም። ሰውየውን የማውቀው እኔ እንኳ ግርፋቱ አልተሰማኝም።»

«የቀረውስ?»

«የትኛው የቀረው?»

«የሚረባ አለው?»

«የዱቄቱ ቦታ አለ። በቀሚሷ ጫፍ የቋጠረችው። እሱን ሳነብ ደንበኛ ቆሞ ሲጠራኝ አልሰማሁትም፣ ማጠቢያ ማሽን ሳይገዛ ሄደ።» በላይ ወደ በሩ አየ። «ሌላም አለ። ግን አሁን አልነግርህም። አንቱን ካላወጣህ ሌላው ሁሉ አይረባም። ያን ካልቻልክ አጥፋው። ያኔ የኔን ብለህ አልነበር፣ የጻፍከው አንተ አይደለህም ብለህ? ይህንንም የጻፍከው አንተ አይደለህም። ፈሪው ልጅ ነው፤ በሩ ላይ የቆመው።»

የይርጋ ሆድ ውስጥ ያ የሐምሌ ነገር ተነሣ፣ የሚያውቀው ማስታወክ። ያን ጊዜ አስተዋለው። እስከ ዛሬ ጽሑፉ ሸተተኝ ሲል የኖረው ይህንን ነው። ጎንበስ ያለ ነገር ሸትቶት ነበር፤ ማን ጎንበስ እንዳለ ግን አላየም።

«በሕይወቴ 'እሱ' ብዬው አላውቅም» አለ።

«አሁን አልከው።»

«ተጽፎ ማለቴ ነው።»

«እንግዲያው ጻፈው።»

ይርጋ የራሱን ስልክ አወጣ። ቦታውን ፈለገ። «አወረዱ» የሚለው ላይ ጣቱን አደረገ። አንዷን ፊደል አጠፋ። በምትኳ ሌላ ነካ። አወረደ። ጣቱ ላብ ስለነበረው ስልኩ አልታዘዝ አለው፤ በሱሪው ጠረገው። አቆሟት የሚለውን አቆማት አደረገው። ከዚያ የመጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ በሩን አየ። ያገለገለ ዕቃ ሱቅ በር ነው። ማንም አልቆመበትም። ከውጭ ነጭ ብርሃን ብቻ ነው የሚገባው።

«ፏ»ን አጠፋ። «ፋ» አለ።

ገረፋት።

ቃሏ አጠረች። የምትጮህ ሆነች። ይርጋ አያት፣ ወዲያው ደግሞ ቅፍፍ አለው፤ ነገር ግን ይህ ቅፍፍታ በጽሑፉ ላይ አልነበረም። በሰውየው ላይ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሳይጠየፈው የኖረውን ሰው በዚህ ሁሉ ሽበት፣ ላስቲክ በለበሰ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ ተጠየፈው። ከሥር ጨረቃዋ ልትወጣ ስትል ሙሉውን መስመር ሰረዘ። ቀጥሎ ያለውንም። የቀረው ጥቂት ነው፤ ልጅቷ፣ በሩ፣ ቺንጋው። ይበቃል።

ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። «ገቡ» ይላል። «ገባ» አደረገው። እጁ አልቆመም።

በላይ ተነሣ። ከጀርባ አንድ ጠርሙስ ውሃ አምጥቶ አጠገቡ አኖረ። ይርጋ አላየውም። አንድ ሰው መጥቶ የፍሪጁን ዋጋ ጠየቀ፣ ተከራከረ፣ ሄደ። በላይ ተመልሶ መጥቶ እላዩ ላይ ቆመ።

«ይርጋ።»

«እ።»

«ስለ ዕዳው ነው።»

«አትናገረኝ፣ እየሠራሁ ነው።»

«አንድ ነገር ብቻ። ቂም ይዘህብኛል?»

ይርጋ ጣቱን ከስልኩ ላይ አነሣ። ቀና ብሎ የወዳጁን ቀይ ዓይን፣ መልሶ ያደረገውን የማያምርበትን መነጽር፣ ሽታው በሎሚና በሳሙና ያልለቀቀውን እጅ አየ። ለመዋሸት አሰበና ተወው።

«ይዣለሁ» አለ። «ጥርሴን ነው የነቀልከው።»

«በጣም?»

«በጣም።»

በላይ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ትከሻው ወረደ።

«እንግዲያው ዕዳዬን ከፍያለሁ» አለና ወደ በሩ ሄደ።